የመቺው ጉልበት ወይስ የአጥሩ ርቀት? የጥንቱን ቤዝቦል በቁጥር ሳነብ የደረስኩበት

ሰላም ለሁላችሁ። ቁጥር መተንተን አብረን የምንማር ሰዎች፣ እያንዳንዳችን አንድ ርዕስ ይዘን የደረስንበትን እንድናካፍል ተስማምተን ነበር። እኔ የያዝኩት ቤዝቦል ነው። ያውም የዛሬውን ሳይሆን የፕሮፌሽናል ጨዋታውን የመጀመሪያ ሃምሳ ዓመት፣ ከ1871 እስከ 1920 ያለውን። ጥያቄዬ አንድ ነው። በዚያ ዘመን ኳስን በእውነት በኃይል የሚመታው ማን ነበር? ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ለምን ይህ ተመረጠ ለምትሉ፣ ለተማሪ የሚመች ዳታ ስለሆነ ነው። ሾን ላህማን የሚባል ሰው ያደራጀው ዳታቤዝ ከ1871 ጀምሮ የእያንዳንዱን ተጫዋች ቁጥር በየዓመቱ ለይቶ ይዟል። በነፃ ይወርዳል፣ በኤክሴል ይከፈታል። የጥንቶቹ ዓመታት ደግሞ ትንሽ ናቸው፤ ጥቂት ቡድን፣ ጥቂት ተጫዋች። አንድ ቁጥር እንግዳ ሲሆንባችሁ ቆም ብላችሁ የዚያን ሰው ታሪክ መፈለግ ትችላላችሁ። እኔ የወደድኩት ይህንን ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁ በአጭሩ ላስረዳ። ወርዋሪው፣ ማለትም ፒቸሩ፣ ኳሱን ይወረውራል። መቺው በዱላ ይመታዋል። ከመታ በኋላ ቤዞቹን እየረገጠ ይሮጣል። አንድ ቤዝ ላይ ከቆመ ሲንግል ይባላል፣ ሁለተኛው ላይ ከደረሰ ደብል፣ ሦስተኛው ላይ ከደረሰ ትሪፕል። ሁሉንም ዞሮ መነሻው ላይ ከተመለሰ ሆም ረን ነው። ዛሬ ሆም ረን ሲባል ኳሱ አጥር አልፎ ተመልካቹ መሃል ሲወድቅ ነው የሚታየን። ያን ጊዜ ግን ብዙው ሆም ረን በሩጫ የሚገኝ ነበር። ኳሱ ከተከላካዮቹ አልፎ ሜዳው ጥግ ድረስ ይንከባለላል። እነሱ ሮጠው አንስተው እስኪመልሱት ድረስ መቺው ዙሩን ይጨርሳል። ኳሱም ለስላሳ ነበር። በየጊዜው አይቀየርም፤ እየቆሸሸና እየላላ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ኳስ በአየር ላይ ሩቅ መስደድ ከባድ ነው።

ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ያን ያህል ያነሱት። በ1871፣ የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ማኅበር በተጀመረበት ዓመት፣ የሆም ረን መሪዎቹ እያንዳንዳቸው የመቱት 4 ብቻ ነው። ናሽናል ሊግ በ1876 ሲጀመር ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ መሪ የሆነው ጆርጅ ሆል 5 መትቶ ነው። ስምንቱ ቡድኖች በሙሉ በዚያ ዓመት የመቱት ሲደመር 40 ነው። የናሽናል ሊግን የመጀመሪያ ሆም ረን የመታው የቺካጎው ሮስ ባርንስ ነበር፣ ግንቦት 2 ቀን 1876። ያም ኳሱ ከሜዳው ሳይወጣ በሩጫ የተገኘ ነው።

እዚህ ላይ ሊፕ ፓይክን ሳላነሳ አላልፍም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት የማኅበሩ ዓመታት በሆም ረን መሪ ወይም የመሪነት ተጋሪ ነበር። ይህ ሰው በ1873 ባልቲሞር ውስጥ ከፈረስ ጋር ተሽቀዳድሞ ያሸነፈ ሯጭ ነው። የእኔን ጥያቄ ገና ከመነሻው የሚያወሳስበው ይህ ነው። ሆም ረን የጉልበት ምልክት ነው ብለን ከተነሳን፣ የዚያ ዘመን መሪ ከፈረስ የሚቀድም ሯጭ ሆኖ ሲገኝ ቁጥሩ የሚነግረን ስለ ክንዱ ነው ወይስ ስለ እግሩ?

ስለ መለኪያዎቹ

ጥንት ለመቺ የሚሰጠው ዋናው ቁጥር አማካይ ነበር። የመታበትን ብዛት፣ ለመምታት በቀረበበት ብዛት ማካፈል ነው። ይህን የመሰለውን ሂሳብና የጨዋታ ውጤት ሰንጠረዥ በጋዜጣ እንዲለመድ ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው ሄንሪ ቻድዊክ ነው። በ1824 እንግሊዝ ተወልዶ በልጅነቱ ብሩክሊን የመጣ፣ ከክሪኬት ዘገባ የተነሳ ጋዜጠኛ። ቻድዊክ ኳስን በጉልበት ከመላክ ይልቅ ቦታ መርጦ መምታትን ነበር የሚያደንቀው። አማካይ ደግሞ ሲንግልንም ሆም ረንንም እኩል አንድ ብሎ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ጉልበት አይታይበትም።

ጉልበትን ለማየት ሁለት መለኪያ ተጠቅሜአለሁ። አንዱ ስላጊንግ ነው። ሲንግልን በ1፣ ደብልን በ2፣ ትሪፕልን በ3፣ ሆም ረንን በ4 አባዝታችሁ ትደምራላችሁ፣ ከዚያ ለመምታት በቀረበበት ብዛት ታካፍላላችሁ። ናሽናል ሊግ ይህን በይፋ መመዝገብ የጀመረው በ1923 ነው። ስለዚህ በ1880ዎቹ የተጫወቱት ሰዎች ዛሬ የምንለካቸው በሕይወት ዘመናቸው በሜዳ ላይ ሳሉ ማንም ባልሰጣቸው መለኪያ ነው። ሁለተኛው አይሶ ይባላል፤ ከስላጊንግ ላይ አማካዩን መቀነስ ነው። ሲንግሎቹ ይወጡና ከአንድ ቤዝ በላይ ያገኘው ብቻ ይቀራል። በኤክሴል አንድ መስመር ፎርሙላ ነው።

ሃያ ሰባቱ ሆም ረን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ብዙ ጊዜ የቆየሁትም እዚህ ላይ ነው።

ሰንጠረዡን በሆም ረን ብዛት ከላይ ወደ ታች ስትደረድሩት፣ ከ1919 በፊት ባለው ዘመን አናት ላይ የሚቀመጠው ኔድ ዊሊያምሰን ነው። በ1884 ለቺካጎ 27 ሆም ረን መትቷል። ይህ ክብረ ወሰን 35 ዓመት ቆየ። ከዊሊያምሰን ሥር የተደረደሩትን ተመልከቱ። ፍሬድ ፌፈር 25፣ አብነር ዳልሪምፕል 22፣ ካፕ አንሰን 21። አራቱም በአንድ ዓመት፣ አራቱም በአንድ ቡድን። አምስተኛው የቡፋሎው ዳን ብራውዘርስ 14 ነው። የቺካጎ ቡድን ብቻውን 142 ሆም ረን ሲመታ ከሌሎቹ ሰባት ቡድኖች 50 የደረሰ የለም።

አንድ ሰው ድንገት ሊጎለብት ይችላል። አራት ሰው በአንድ ክረምት፣ በአንድ ከተማ አይጎለብትም። ስለዚህ ሰዎቹን ትቼ ሜዳውን ማየት ጀመርኩ።

ሜዳው ሌክፍሮንት ፓርክ ይባላል። ዛሬ የቺካጎ ሚሌኒየም ፓርክ ያለበት አካባቢ ነው፣ ሐይቁ አጠገብ። ቦታው ጠባብ ስለነበር የግራው አጥር ከመምቻው ቦታ 180 ጫማ፣ የቀኙ 196 ጫማ ብቻ ይርቅ ነበር። 180 ጫማ ማለት ወደ 55 ሜትር ነው። ዛሬ ለአዳዲስ ስታዲየሞች የተቀመጠው ዝቅተኛው ርቀት በግራና በቀኝ 325 ጫማ ነው። ይህን ያህል ቅርብ ስለነበር እስከ 1883 ድረስ አጥሩን ያለፈ ኳስ እንደ ደብል ብቻ ይቆጠር ነበር። በ1884 ቡድኑ ሕጉን ቀየረና እዚያው አጥር ላይ ያለፈው ኳስ ሆም ረን ሆነ። የሜዳውን ደንብ መወሰን የባለሜዳው ቡድን መብት ስለነበር የከለከለው የለም።

እንግዲህ ቁጥሩን ተመልከቱ። ዊሊያምሰን በ1883 የመታው ደብል 49፣ ትሪፕል 5፣ ሆም ረን 2። ድምር 56። በ1884 ደብል 18፣ ትሪፕል 8፣ ሆም ረን 27። ድምር 53።

ይህን መስመር ደጋግሜ ነው ያየሁት። ከአንድ ቤዝ በላይ ያስገኙለት ምቶች ብዛት አልጨመረም፤ እንዲያውም በሦስት ቀንሷል። አማካዩም ያው ነው፣ 0.276 የነበረው 0.278 ሆነ። ሰውየው እንደ ወትሮው መታ። ኳሱ እንደ ወትሮው ያንኑ አጥር አለፈ። የተለወጠው መዝጋቢው ወረቀት ላይ የሚጽፈው ነገር ነው። የእግር ኳስ ግብ በአንድ ቡድን ሜዳ ላይ ብቻ ለአንድ ዓመት በእጥፍ ቢሰፋ የዚያ ቡድን አጥቂ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ይጨርሳል፤ የሆነው ይኸው ነው።

በኤክሴል ለምትከተሉኝ ስሌቱን ላሳያችሁ። በ1884 ለመምታት የቀረበው 417 ጊዜ፣ የመታው 116። ከ116 ላይ 53ቱን ስትቀንሱ 63 ሲንግል ይቀራል። 63 ሲደመር 36 ሲደመር 24 ሲደመር 108፣ ድምሩ 231 ቤዝ። ለ417 ሲካፈል ስላጊንጉ 0.554 ይሆናል። አማካዩን 0.278 ስትቀንሱ አይሶው 0.276 ነው። በ1883 በተመሳሳይ መንገድ ስትሠሩት አይሶው 0.162 ይመጣል። ስለዚህ አይሶ የሚባለው መለኪያም ሕጉ ሲቀየር አብሮ ይታለላል። መለኪያው የተራቀቀ ስለሆነ ብቻ ከዚህ አያመልጥም። የሚያመልጠው ያ ተራ ድምር ነው፣ 56 እና 53።

ሌላም ማስረጃ አለ። ከ27ቱ ሆም ረን 25ቱን የመታው በሜዳው ነው። ከሜዳው ውጪ የመታው 2 ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት ቺካጎ ወደ ሌላ ሜዳ ሄደ፣ ሊጉም አጥር ቢያንስ 210 ጫማ እንዲርቅ ደነገገ። ዊሊያምሰን በ1885 የመታው 3 ሆም ረን ነው። ደብሉ 16፣ ትሪፕሉ 5፣ ድምሩ 24። አይሶው 0.086 ላይ ወደቀ። እዚህ ላይ ለዊሊያምሰን መሟገት እፈልጋለሁ። ጎበዝ ተጫዋች ነበር። በተለይ በመከላከል በዘመኑ የተመሰገነ ነው። ቁጥሩን የሠራለት ሜዳው መሆኑ እሱን ሌባ አያደርገውም። ሕጉን የጻፈው እሱ አይደለም።

እውነተኞቹ ጉልበታሞች

አጥሩን ወደ ጎን ስናደርገው ማን ይቀራል? ለእኔ መልሱ ሁለት ስም ነው፤ ዳን ብራውዘርስ እና ሮጀር ኮነር።

ብራውዘርስ ከ1881 እስከ 1886 ድረስ ስድስት ዓመት በተከታታይ የናሽናል ሊግ የስላጊንግ መሪ ነበር። ያንን የቺካጎ ዓመት፣ 1884ን ጨምሮ። ዊሊያምሰን በ180 ጫማ አጥር 0.554 ሲያመጣ ብራውዘርስ በቡፋሎ 0.563 አመጣ። 22 ደብል፣ 15 ትሪፕል፣ 14 ሆም ረን፣ አማካይ 0.327። ሆም ረንን ብቻ የሚያይ ሰው 27ን ከ14 ጋር አወዳድሮ ያልፋል። ሁሉንም ቤዝ የሚቆጥር ሰው ግን የዚያ ዓመት ትልቁ መቺ ቡፋሎ ውስጥ እንደነበረ ያያል።

ኮነርን ግን ከሁሉም በላይ ወድጄዋለሁ። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 በላይ የሆነ፣ ከኮነቲከት የመጣ ግዙፍ ሰው ነው። ከ1880 እስከ 1897 ተጫውቶ 138 ሆም ረን መትቷል። ይህ የሕይወት ዘመን ክብረ ወሰን ሆኖ የቆየው፣ በሆም ረኑ ስመ ጥር የሆነው ቤብ ሩት በ1921 እስኪያልፈው ድረስ ነው። ግን ኮነር በአንድ ዓመት የሆም ረን መሪ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በ1890፣ በ14። በኒው ዮርክ ፖሎ ግራውንድስ በ1886 ኳሱን ከአጥር ውጪ መንገድ ላይ ሲጥለው ተመልካቾች ገንዘብ አዋጥተው የወርቅ ሰዓት ሸልመውታል። በሜዳው አጥር ማሳለፍ ያን ያህል ብርቅ ነበር ማለት ነው።

የኮነር ቁጥር ውስጥ የሚገርመው 233 ትሪፕሉ ነው። ደብሉ 441፣ ትሪፕሉ 233፣ ሆም ረኑ 138፣ ድምሩ 812። ከዚህ ውስጥ ሆም ረኑ 17 በመቶ ብቻ ነው። የቤብ ሩትን ስትሠሩት ደብሉ 506፣ ትሪፕሉ 136፣ ሆም ረኑ 714 ነው፣ ከግማሽ በላዩ ሆም ረን። የብራውዘርስ ደግሞ 14 በመቶ ገደማ ይመጣል። እኔ ይህን እንደሚከተለው ነው የማነበው። በኮነር ዘመን ሩቅ የተመታ ኳስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ሰፊው ሜዳ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ትሪፕል ሆኖ ይመዘገባል። ከአርባ ዓመት በኋላ ያው ምት አጥር ያልፋል። የዚያን ዘመን ጉልበት የምትፈልጉ ከሆነ ትሪፕል የሚለውን አምድ አትዝለሉት። ከእኔ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ትወስዱ እንደሆነ ይህን ውሰዱ።

ኮነር ሩት ሲያልፈው በሕይወት ነበር፤ የሞተው በ1931 ነው። ያኔ ግን ክብረ ወሰኑ የማን እንደነበረ ልብ ብሎ የተነጋገረበት ሰው የለም ማለት ይቻላል። የሕይወት ዘመን ድምር ማንም በቅጡ አይዝም ነበር። ሃንክ አሮን የሚባል መቺ በ1974 የሩትን ድምር ሲያልፍ ነው ሰዎች "ከሩት በፊትስ ማን ነበር?" ብለው ወደ ኋላ ያዩት። ኮነር በ1976 የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የዝና አዳራሽ ገባ። አርባ አምስት ዓመት ከሞተ በኋላ። አንድ አምድ የመደመር ሥራ ነበር የጠፋው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ሕጎቹ ቁጥሩን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱት

ይህን ክፍል በአጭሩ ነው የማልፈው፤ ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። ወርዋሪው የሚቆምበት ርቀት በ1881 ከ45 ወደ 50 ጫማ ሆነ። በ1893 ደግሞ ዛሬ ወዳለበት 60 ጫማ ከ6 ኢንች ተገፋ። ናሽናል ሊግ ክንድን ከትከሻ በላይ አንስቶ መወርወርን የፈቀደው በ1884 ነው። እስከ 1886 መቺው ኳሱ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ እንዲወረወርለት መጠየቅ ይችል ነበር። በ1887 ደግሞ ሳይመታ በነፃ ወደ ቤዝ የሄደ ሁሉ እንደመታ ተቆጠረለት፣ ለዚያ ዓመት ብቻ። ስለዚህ የ1887ን አማካይ ከሌላ ዓመት ጋር ስታወዳድሩ የትኛውን ስሌት እንደያዛችሁ እዩ። ዛሬ ያሉት ሰንጠረዦች አብዛኞቹ አስተካክለውታል።

አንድ ሕግ ግን ከእኔ ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እስከ 1920 ድረስ ባለሜዳው ቡድን በመጨረሻው ተራ አሸናፊዋን ነጥብ እንዳገኘ ጨዋታው ያበቃል። አንድ ሰው ኳሱን ከአጥር ውጪ ልኮ፣ ከፊቱ ሦስተኛው ቤዝ ላይ የነበረው ጓደኛው አሸናፊዋን ነጥብ ካስገባ፣ መቺው የሚመዘገብለት ጓደኛው ነጥብ ለማስገባት የቀረውን ያህል ቤዝ ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ አንድ፣ ማለትም ሲንግል። ቤብ ሩት በ1918 እንዲህ ሆኖ አጥር ያለፈ ምቱ ትሪፕል ተብሎ ተመዝግቧል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የመዝገብ ኮሚቴው ይህን ወደ ሆም ረን ቀይሮ የሕይወት ዘመን ድምሩን 715 ሊያደርገው ነበር፣ በኋላ ግን ሐሳቡን ሽሮ 714 እንዳለ ቀረ። እኔ መሻሩን እደግፋለሁ። በዘመኑ ሕግ የተመዘገበውን መንካት ከጀመርን የዊሊያምሰንን 27 ምን ልናደርገው ነው? ቁጥሩ እንዳለ ይቀመጥ፣ ከጎኑ ግን አጥሩ ይጻፍ።

በሰንጠረዡ ውስጥ የሌሉት

ዳታ ስንማር የጎደለውን እንድንጠይቅ ተነግሮናል። እዚህ የጎደሉት ጥቁር ተጫዋቾች ናቸው። ሞዘስ ፍሊትዉድ ዎከር በ1884 ለቶሊዶ በከፍተኛው ሊግ ተጫውቷል፣ ያው ዊሊያምሰን 27 በመታበት ዓመት። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ፤ የተከፈተው ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ሲገባ ነው። በሩ እንዲዘጋ ከገፉት ታዋቂ ሰዎች አንዱ ከላይ 21 ሆም ረን ይዞ ያያችሁት ካፕ አንሰን ነው። ከጥቁሮች ጋር አልጫወትም በማለት የታወቀ ነበር። በ1887 ኢንተርናሽናል ሊግ ከእንግዲህ ጥቁር ተጫዋች እንዳይፈረም ሲወስን፣ የቡፋሎው ፍራንክ ግራንት ከሊጉ ቀዳሚ የሆም ረን መቺዎች አንዱ ነበር። ግራንት በከፍተኛው ሊግ ሰንጠረዥ ውስጥ አንድም መስመር የለውም። ስለዚህ "የዘመኑ ትልቁ መቺ" ስል እንዲጫወቱ ከተፈቀደላቸው መካከል ማለቴ ነው፤ ከዚህ በላይ ዳታው ሊነግረን አይችልም።

በ2024 የአሜሪካ ከፍተኛው ሊግ ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን የጥቁሮች ሊጎች ቁጥር በይፋ መዝገቡ ውስጥ አስገብቷል። በዚያ ምክንያት የሕይወት ዘመን ስላጊንግ መሪው ጆሽ ጊብሰን ሆኗል፣ በ0.718። ሩት በ0.690 ሁለተኛ ሆነ። ዋሺንግተን ያላችሁ ይህን ስሙ። ጊብሰን በ1940ዎቹ ከጥቁሮቹ ቡድን ከሆምስቴድ ግሬይስ ጋር ብዙ የተጫወተበት ግሪፊዝ ስታዲየም የነበረው ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለበት ቦታ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ዘጠነኛው መንገድና ዩ ስትሪት በእግር የሚደረስ ነው።

እዚያው መሬት ላይ፣ ስታዲየሙ ከመሠራቱ በፊት በነበረው ሜዳ፣ በክ ፍሪማን በ1899 ለዋሺንግተን 25 ሆም ረን መትቷል። በዚያ ዓመት ሁለተኛ የወጣው የመታው 12 ነው። ፍሪማን በዚያው ዓመት 25 ትሪፕልም አለው። ሆም ረንና ትሪፕል አብረው ሲያድጉ ሳይ ስለ ጉልበቱ ያለኝ እምነት ይጨምራል። ሜዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱ የሌላውን ቦታ ይወስድ ነበር፣ ዊሊያምሰን ላይ ደብሉ ቀንሶ ሆም ረኑ እንደጨመረው። ፍሪማን በ1919 ስሙ እንደገና ተነስቷል። ሩት ወደ ክብረ ወሰን ሲቃረብ ጋዜጦች መጀመሪያ የያዙት የእሱን 25 ነበር። ያ ካለፈ በኋላ ነው የዊሊያምሰን 27 ተቆፍሮ የወጣው።

ሩት በዚያ ዓመት ለቦስተን 29 መታ። ስንቱ በሜዳው መሰላችሁ? 9 ብቻ። 20ውን የመታው ከሜዳው ውጪ ነው። ዊሊያምሰን 25 ለ 2፣ ሩት 9 ለ 20። የኔን ጥያቄ በአንድ መስመር የሚመልስ ንጽጽር ካለ ይህ ነው። በመካከል ያለው ጋቪ ክራቫትም አለ። በ1914 በፊላደልፊያ 19 መትቶ 19ኙም በሜዳው ነበሩ፣ የቀኙ አጥር 280 ጫማ ገደማ በሆነበት ቤከር ቦውል። በቀጣዩ ዓመት 24 መታ። ክራቫት ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግራ የሚሄድለት ቀኝ እጅ መቺ ሆኖ ሳለ ወደ ቀኝ አጥር መምታትን ተክኖበታል። ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ አጥሩ ለሁሉም ቅርብ ነበር፣ እንደ እሱ የተጠቀመበት ግን የለም።

አሁን የያዝኩት ትሪፕልን ነው። ኮነር ላይ ትሪፕል የጉልበት ምልክት ነው ብያለሁ። ፓይክ ላይ ደግሞ የእግር ምልክት ሊሆን እንደሚችል አይተናል። ሁለቱን እንዴት ልለያቸው? የሰረቁትን ቤዝ፣ ማለትም ኳስ ሳይመታ በሩጫ ብቻ የወሰዱትን ቤዝ ብዛት ከጎን አስቀምጬ ማየት ጀምሬአለሁ። ብዙ ትሪፕል ያለው ግን ብዙ የማይሰርቅ ሰው፣ ጉልበታም ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ችግሩ ከ1898 በፊት የተሰረቀ ቤዝ የሚቆጠርበት መንገድ የተለየ ነበር። ጓደኛው ሲመታ አንድ ቤዝ በተጨማሪ የሮጠም ይቆጠርለት ነበር። ስለዚህ ለሙከራ የመረጥኩት ሳም ክራውፎርድን ነው፤ አብዛኛው ዘመኑ ከዚያ በኋላ ነው። 309 ትሪፕል፣ እስከ ዛሬ ማንም ያልደረሰበት፣ ሆም ረኑ ግን 97 ብቻ። በ1901 በናሽናል ሊግ፣ በ1908 በአሜሪካን ሊግ የሆም ረን መሪ ነበር። በ1908 መሪ የሆነበት ቁጥር 7 ነው። ቡድኑን፣ ሜዳውንና ዓመቱን ለይቼ እየደረደርኩ ነው። ፒቮት ቴብል ላይ ጎበዝ የሆናችሁ ፋይሉን እልክላችኋለሁ፣ በየዓመቱ የሊጉን አማካይ አውጥቶ የአንድ ሰውን ቁጥር ከዚያ ጋር በራሱ የሚያወዳድር አሠራር ካላችሁ አሳዩኝ።